ድርቅ ወይስ ረሃብ? ከራያ ሜዳ የተነሣ የሁለት ቃላት ዳሰሳ

ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚወስደው አውራ ጎዳና የራያዋን የመንገድ ዳር ከተማ ጎብዬን አቋርጦ ያልፋል። ባለፉት ሃምሳ ዓመታት በዚህ መንገድ የእርዳታ እህል የጫኑ መኪኖች፣ ጋዜጠኞች፣ አጥኚዎችና ባለሥልጣናት ተመላልሰዋል። ስለ አካባቢው የጻፉት ሪፖርት በአብዛኛው በሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ዙሪያ ይሽከረከራል፤ «ድራውት» እና «ፋሚን»። በአማርኛ ድርቅና ረሃብ እንላቸዋለን። አብረው ስለሚነገሩ ብዙ ሰው የአንድ ነገር ሁለት ስሞች አድርጎ ይወስዳቸዋል። ባለሥልጣናት ደግሞ ልዩነታቸው ትዝ የሚላቸው ሲጠየቁ ነው። «ድርቅ እንጂ ረሃብ የለም» የሚለውን አባባል ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ብዙ አይገኝም።

ይህ ዳሰሳ ሁለቱ ቃላት የት እንደሚገናኙ፣ የት እንደሚለያዩና ልዩነቱ ለራያ ገበሬ ምን ትርጉም እንዳለው ይመረምራል። «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ቃላቱና ዘመዶቻቸው

«ድራውት» በእንግሊዝኛ «ደረቅ» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ሥር አለው። የእኛም ድርቅ «ደረቀ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። በዚህ በኩል ሁለቱ ቋንቋዎች ተስማምተዋል፤ ቃሉ የሚናገረው ስለ ውሃ ማጣት ነው። ሰው በማይኖርበት ምድር ላይም ድርቅ ሊኖር ይችላል።

«ፋሚን» ረሃብ የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባ ነው። እንግሊዝኛ ግን ለሆድ ረሃብ ሌላ ቃል አለው፤ «ሀንገር» ይለዋል። ምሳ ያለፈው ሰው «ሀንገር» ይሰማዋል፤ «ፋሚን» ገባብኝ አይልም። «ፋሚን» የሕዝብ መከራ ስም ነው፤ በዛሬው አጠቃቀም ደግሞ የጅምላ ሞት አብሮት ይታሰባል። አማርኛ ይህን ክፍፍል አያደርግም። ቁርስ ሳይበላ ትምህርት ቤት የሄደ ልጅም ረሃብ ይዞታል፤ በ1977 ኮረም ላይ ያለቀው ሕዝብም ያለቀው በረሃብ ነው።

ቋንቋው ቃል አጥሮት አይደለም። ጠኔ ጉልበት የሚከዳበትንና ዓይን የሚያጨልመውን ረሃብ ይገልጻል። ችጋር ቤትን የሚያራቁት፣ ከዓመት ዓመት የሚሻገር ማጣት ነው። ክፉ ቀን ዘመኑን ራሱን ይሰይማል። ከግዕዝ የወረስነው አባር ደግሞ ድርቅንም ረሃብንም በአንድ ቃል ይይዛል፤ ቃሉ ሲፈጠር በዝናብ መቅረትና በእህል መጥፋት መካከል ልዩነት አልተደረገም። በራያ ከአማርኛ ጎን የሚነገሩት ሁለቱ ቋንቋዎች ይለያሉ፤ ትግርኛው «ድርቂ»ን ከ«ጥሜት»፣ ኦሮምኛው «ሆንጌ»ን ከ«ቤላ»። ሆኖም ጥሜትም ሆነ ቤላ እንደ አማርኛው ረሃብ የአንድን ሰው ሆድና የአንድን ሀገር መከራ አብረው ይጠራሉ።

መዘዙ የሚመጣው በትርጉም ጊዜ ነው። አንድ ድርጅት በእንግሊዝኛ «ፋሚን የለም» ብሎ ሲጽፍ የተለካ ነገር ሊናገር ይችላል፤ ሞቱ ከተወሰነ ደረጃ አልደረሰም ማለቱ ነው። ዐረፍተ ነገሩ በሬዲዮ «ረሃብ የለም» ሆኖ ጎብዬ ሲደርስ ግን ሁለት ቀን ያልበላውን ሰው «አልራበህም» ይለዋል። አንዱ እውነት ሆኖ ሌላው ውሸት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ድርቅ ራሱ አንድ አይደለም

ባለሙያዎች ድርቅን ብዙውን ጊዜ በአራት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው የዝናብ ማነስ ነው። ሁለተኛው አፈሩ ለሰብል የሚበቃ እርጥበት ሲያጣ ነው። ሦስተኛው ወንዙ፣ ምንጩና የከርሰ ምድር ውሃው ሲቀንስ ይከሰታል። አራተኛው እነዚህ ጉድለቶች ገበያና ኑሮ ላይ ሲደርሱ ነው፤ ድርቅ የረሃብን ድንበር የሚነካው እዚህ ላይ ነው።

የራያ ቆቦ ሜዳ ለዚህ ክፍፍል ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ሜዳው ሁለት ዝናብ ይጠብቃል፤ በልግና ክረምት። ገበሬው የሚመርጠው፣ ምርቱም አገዳውም የሚበዛለት የረጅም ጊዜ ማሽላ በሚያዝያ ገደማ በበልጉ እርጥበት መዘራት አለበት። በልጉ ከቀረ ክረምቱ ቢሰምርም ለዚያ ዘር ጊዜው አልፏል። ገበሬው ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ወይም ጤፍ ለመዝራት ይገደዳል። ክረምቱ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ከወጣ ደግሞ ማሽላው ሳያሸት አገዳ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የዓመቱ ዝናብ በሚሊሜትር ተደምሮ ሲታይ ደህና ሊመስል ይችላል፤ ጉዳቱ ግን ከመጠኑ ይልቅ ከቀኑ መሳት የመጣ ነው።

ተቃራኒውም አለ። ጎሊናን የመሰለ ወንዝ ከምዕራቡ ደጋ ወርዶ ሜዳውን አቋርጦ ወደ አፋር ይወርዳል። በራያ ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሳ ማስገባት የቆየ ጥበብ ነው። ሜዳው ላይ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ ከዘነበ፣ ቦይ የደረሰለት ማሳ ያበቅላል፤ ቦይ ያልደረሰለት ከጎኑ ይደርቃል። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም በኩል የመጣው የከርሰ ምድር ውሃ መስኖም በሜዳው ላይ ሌላ ልዩነት ፈጥሯል። በአንድ ቀበሌ ውስጥ እንኳ «ድርቅ ገባ» ማለት ለሁሉም ቤት እኩል አይሠራም።

ድርቅ ሳይኖር የሚመጣ ረሃብ

ሁለቱ ቃላት አንድ ቢሆኑ ኖሮ ያለ ድርቅ ረሃብ ባልኖረ ነበር። የራያ ታሪክ ግን ሌላ ይላል።

በጣም የታወቀው የክፉ ቀን ዘመን ነው፤ ከ1880 እስከ 1884። መነሻው የዝናብ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የደስታ በሽታ ከጣሊያኖች ጋር በምጽዋ በኩል በመጡ ከብቶች ገብቶ የሀገሪቱን ቀንድ ከብት ፈጀ። ገበሬው በሬ አጥቶ መሬቱ ጦም አደረ። ዝናብ ማጣቱና አንበጣው የበረታው ቀድሞውኑ የሚያርስበት ባጣ ሕዝብ ላይ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከማሽላው ሥር ይገኛል። አቀንጭራ የማሽላን ሥር ይዞ ምግቡን የሚመጥ አረም ነው፤ ዝናቡ ደህና በሆነበት ዓመትም ማሳን ባዶ ያስቀራል። በፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ምርምር ከተገኙት አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች በኢትዮጵያ ከተለቀቁት አንዱ «ጎብዬ» ይባላል፤ የዚችን የመንገድ ዳር ከተማ ስም ይዞ ነው በዝርያ መዝገብ የሚታወቀው። ገቢሳ ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። የሽልማቱ ምክንያት ድርቅንም አቀንጭራንም የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ማፍለቃቸው ነበር፤ ሁለቱ ለየብቻ መጠቀሳቸው ማሽላ የሚያጣ ሰው ጠላቱ ሰማዩ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

ሦስተኛው ቅርብ ነው። በ2013 መስከረምና ጥቅምት የበረሃ አንበጣ መንጋ ራያን ወረረ፤ ማሽላው ለአጨዳ ሲቃረብ በላው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ቆቦ ደረሰ፤ አካባቢው እስከ ታኅሣሥ 2014 በትግራይ ኃይሎች እጅ ቆየ። ገበያ፣ ባንክና መንገድ ተዘጉ፤ እርዳታም ተቋረጠ። በነሐሴ 2014 መጨረሻ ከተማዋ ዳግመኛ ተያዘች። በእነዚህ ወራት በቆቦና በጎብዬ የተራበውን ሰው «በድርቅ የተጎዳ» ብሎ መመዝገብ ለቅጽ መሙያ ይመች ይሆናል፤ እውነቱን ግን ይሰውራል።

ድርቅ ኖሮ የሚገድል ረሃብ ያልሆነበት

በ2003 የአፍሪካ ቀንድን የመታው ድርቅ አንድ ነበር፤ ደቡብ ሶማሊያን፣ ሰሜን ኬንያንና የኢትዮጵያን ቦረናና ሶማሌ አካባቢዎች አንድ ላይ መታ። በሐምሌ 2003 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በሁለት የደቡብ ሶማሊያ አካባቢዎች «ፋሚን» መድረሱን አወጀ፤ በኢትዮጵያና በኬንያ ግን አላወጀም። የዝናቡ ጉድለት የጋራ ነበር። ልዩነቱን ያመጡት በሶማሊያ የነበረው ጦርነትና አልሸባብ በእርዳታ ድርጅቶች ላይ የጣለው እገዳ ናቸው። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ ከ1997 ጀምሮ የነበረው ሴፍቲኔትና የእርዳታ መንገዱ ክፍት መሆኑ ጉዳቱን አለዘበው።

በ2008 የኤልኒኖ ድርቅ ሲመጣ መንግሥትና አጋሮቹ 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው አስታወቁ። ሰሜን ወሎ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነበር። ክርክሩም በቃል ላይ ተነሣ። ቢቢሲ ከቆቦ ያስተላለፈው ዘገባ መንግሥትን አስቆጣ፤ ባለሥልጣናቱም «ድርቅ እንጂ ረሃብ የለም» በሚለው ጸኑ። የዚያን ዓመት መዝገብ በሁለቱ ቃላት መለኪያ ስናየው እንዲህ ነው። ድርቅ ነበር፤ ይህን የካደ የለም። በ1977 መጠን የሆነ «ፋሚን» አልነበረም፤ መንግሥት ካዝናውን ቀድሞ ከፈተ፣ ለጋሾች ተከተሉ፣ መንገዱ ክፍት ነበር። ረሃብ ግን ነበር። ከብቱ ያለቀበት፣ ልጁ ሕክምና ላይ በአልሚ ምግብ የዳነለት፣ የሚበላውን በወረፋ የተቀበለ ሰው ተርቧል። የመንግሥት መግለጫ በእንግሊዝኛ ትክክል፣ በአማርኛ ስሕተት ነበር።

ጥፋተኛው ማን ነው የሚለው ክርክር

ቃላቱ የሚያጨቃጭቁት የተለያየ ተጠያቂ ስለሚጠሩ ነው። ድርቅ ተብሎ ሲጻፍ ጥያቄው ወደ ሰማይ ይሄዳል። ረሃብ ተብሎ ሲጻፍ እህሉ የት ሄደ፣ ማን ቀድሞ አወቀ፣ ለምን አልደረሰም የሚሉት ይከተላሉ።

የ1965ና 1966 የወሎ ረሃብ ለዚህ የመጀመሪያው ታላቅ የምርምር መስክ ሆነ። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው «ፖቨርቲ ኤንድ ፋሚንስ» ውስጥ ወሎን እንደ አንድ ዋና ማሳያ መረመረ። ያገኘው አስገራሚ ነበር። በሀገር ደረጃ የምርት መቀነሱ ለእንዲህ ያለ ዕልቂት የሚበቃ አልነበረም። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ መውጣቱ ተዘግቧል። ከደሴ ወደ አስመራ የሚሄደው መንገድ ደግሞ በወልድያ፣ በጎብዬ፣ በቆቦና በአላማጣ አድርጎ ነው የሚያልፈው፤ ረሃብተኛው መኪና ለመለመን የተሰለፈበት ጎዳናም ይኸው ነበር። የሴን ማጠቃለያ ግልጽ ነው። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ መብሉንም መግዣውንም አንድ ላይ ስለሚያጣ፣ ገበያ ላይ ያለው እህል የእሱ አይደለም። በኋላ የመጡ ተቺዎች የደሴ ዋጋ የገጠሩን ሁኔታ አያሳይም፣ በወሎ ውስጥ የምግብ እጥረቱ እውነተኛ ነበር ብለው ሞግተዋል። ትችቱ ክብደት አለው፤ ሆኖም ድርቁን ከረሃቡ ለይቶ የመመርመሩን ልማድ አልሻረውም።

ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት የገጠሩን ለረሃብ መጋለጥ በሚመለከት መጽሐፋቸው ከዚህ ጋር የሚቀራረብ፣ ግን ከገበሬው ጓዳ የተነሣ ሐሳብ አቀረቡ። የእሳቸው ክርክር ድርቅ ብቻውን ረሃብ አያመጣም ነው። ገበሬው ከእጅ ወደ አፍ በሆነ ምርት ላይ የሚኖር፣ ግብርና ኪራይ ተቀማጭ የማያስቀሩለት ከሆነ፣ የአንድ ዓመት የዝናብ መዛባት ይበቃዋል። ያ ተጋላጭነት የሥርዓት ውጤት ነው። እኔ ከሁለቱ መስፍንን አስቀድማለሁ፤ ሴን ገበያውን ሲያይ መስፍን ገበሬው ገበያ ከመድረሱ በፊት ለምን ባዶ እጁን እንደሆነ ይጠይቃሉ።

የዚያ የወሎ ረሃብ የስም ታሪክም ትምህርት አለው። የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በጥቅምት 1966 በብሪታንያ ቴሌቪዥን ሲታይ ርእሱ «ያልታወቀው ፋሚን» ነበር። ደርግ ከንጉሡ ግብዣ ምስል ጋር አቀናብሮ ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ምሽት ለሕዝብ ሲያሳየው ርእሱ በእንግሊዝኛ «ስውሩ ሀንገር» ሆነ። በእንግሊዝኛ ሁለት ቃላት ናቸው፤ በአማርኛ ሁለቱም ረሃብ ነው። ስሙን ለሥልጣን መውጫ የተጠቀመበት መንግሥት ከአሥር ዓመት በኋላ ራሱ ከቃሉ ሸሸ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ለለጋሾች ጥሪ አቀረበ፤ መስከረም 1977 ግን አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አከበረች። ዓለም የነቃው ጥቅምት 13 ቀን 1977 የማይክል ቡርክ ዘገባ በሞሐመድ አሚን ካሜራ ከኮረም ሲተላለፍ ነው። ተመራማሪው አሌክስ ደ ዋል እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው «ኢቭል ዴይስ» እንዳሳየው፣ በሰሜን ኢትዮጵያ ረሃቡ የጀመረው ዋናው የ1976 ክረምት ከመቅረቱ በፊት ነው። የመንግሥቱ የጦር ዘመቻ፣ የገበያና የእንቅስቃሴ እገዳው ድርቁን ወደ ዕልቂት ቀየሩት።

መሥሪያ ቤቶቻችንም ከቃሉ እየራቁ ሄደዋል። የመጀመሪያው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ነበር፤ ቀጥሎ የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት፣ በኋላም የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ተባለ። በሦስቱም ስም ውስጥ ረሃብ የሚል ቃል የለም።

መለኪያውና ጉድለቱ

ዛሬ «ፋሚን» ልቅ ቃል አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከሶማሊያ የተነሣው የምግብ ዋስትና ደረጃ መለኪያ አምስት እርከን አለው፤ አምስተኛው ላይ ለመድረስ ሦስት ነገሮች ይጠበቃሉ። ቢያንስ 20 በመቶ ቤተሰብ ፈጽሞ ምግብ ያጣ፣ ቢያንስ 30 በመቶ ሕፃናት በአጣዳፊ የምግብ እጥረት የተጎዱ፣ ከ10,000 ሰው በቀን ቢያንስ 2 በረሃቡ ሳቢያ የሚሞት መሆን አለበት። በሌላ አነጋገር፣ 200,000 ሕዝብ ያለው ወረዳ በቀን 40 ሰው ሲቀብር ነው ቃሉ የሚፈቀደው።

ለእንዲህ ያለ ከባድ ቃል መለኪያ መኖሩ መልካም ነው፤ ማንም እንደፈለገ አይናገረውም። ችግሩ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ቃሉ ሲፈቀድ ብዙ ሰው ሞቷል። ሁለተኛ፣ መንገድ በተዘጋበት አካባቢ መለካት አይቻልም፤ የከፋው ረሃብ ሳይለካ ያልፋል። ሦስተኛ፣ መንግሥታት ውጤቱን ላይቀበሉ ይችላሉ። በሰኔ 2013 የወጣው ግምገማ በትግራይና በአጎራባች የአማራና የአፋር ዞኖች 350,000 ሰው በአምስተኛው እርከን ላይ መሆኑን ገመተ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት አላጸደቀውም።

የራያ ገበሬ የራሱ እርከን አለው። መጀመሪያ ፍየልና በግ ይሸጣል። ከዚያ ላሟን፣ በመጨረሻ የእርሻ በሬውን። ጎልማሳው ወደ ሌላ አገር ለቀን ሥራ ይወጣል፤ ወጣቱ ወደ ሳዑዲ የሚወስደውን የስደት መንገድ ይይዛል። አንድ ፍየል ዛሬ ስንት ኪሎ ማሽላ እንደሚገዛ የሚጠይቅ ሰው ረሃቡ የት እንደደረሰ ከማንኛውም ሪፖርት ቀድሞ ያውቃል። ደ ዋል በዳርፉር ባደረገው ሌላ ጥናት እንዳስረዳው የዚያ ሕዝብ ረሃብን በአንድ ቃል ጠርቶ፣ ሞት የሚያስከትለውን ግን «የሚገድል ረሃብ» ብሎ ይለየዋል። ረሃብ ማለት ለእነሱ መጀመሪያ መራቆት ነው፤ ሞት የመጨረሻው እርከኑ ነው።

ብይን

ድርቅ የአየርና የውሃ ሁኔታ ነው፤ በመሣሪያ ይለካል፤ ማንም ሊያፍርበት አይገባም። ረሃብ የሰው ሁኔታ ነው፤ ከድርቅ ሊመጣ ይችላል፣ ከአቀንጭራ፣ ከአንበጣ፣ ከጦርነት፣ ከዕዳ ሊመጣም ይችላል። ድርቅ መኖሩ ረሃብን አያስረዳም፤ ድርቅ አለመኖሩም ረሃብን አያስክድም። «ድርቅ ወይስ ረሃብ» የሚለው ጥያቄም የተሳሳተ ምርጫ ነው፤ ሁለቱ ለየብቻ መልስ የሚሹ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው።

የ«ፋሚን» ትርጉም ላይ ችጋርን ማስቀመጥ የሚሹ አሉ። እኔ አልደግፈውም፤ ችጋር ዛሬ ወደ ሥር የሰደደ ድህነት አዘንብሏል፣ «ችጋራም» ተብሎም ስድብ ሆኗል። የዳርፉሮች መንገድ ለአማርኛ ይቀለዋል፤ ረሃብን በስሙ ረሃብ ማለት፣ የጅምላ ሞት ሲደርስ የሚገድል ረሃብ ማለት።

ስለዚህ ለዜና ክፍሎች፣ ለወረዳ የግብርና ጽሕፈት ቤቶችና ለእርዳታ ድርጅቶች የአማርኛ ተርጓሚዎች የምለው ይህ ነው። «ፋሚን አልተረጋገጠም» የሚልን ዐረፍተ ነገር «ረሃብ የለም» ብላችሁ አትተርጉሙ። «ረሃብ አለ፤ ወደሚገድል ረሃብ መድረሱ አልተረጋገጠም» ብላችሁ ጻፉ። በሪፖርታችሁ ዝናቡን በአንድ ዓምድ፣ የፍየልና የማሽላን ዋጋ በሌላ ዓምድ አስቀምጡ፤ ምክንያቱን ደግሞ ለብቻው መዝግቡ። የዝናቡ ዓምድ ደህና ሆኖ የፍየሉ ዋጋ ከወደቀ፣ ጎብዬ ላይ የተራበ ሰው አለ።